አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚደፋው ኩባያ

ይህን የምጽፈው ለወሬ ማሟሻ አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት... ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የመግሪብ አዛን ከመሰማቱ ትንሽ ቀደም ብሎ። ቦታው መርሳ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ። ጊዜው ከተማችን የተያዘችበት፣ መንገዱ በወልድያም በደሴም በኩል የተዘጋበት፣ የ2013 ማለቂያና የ2014 መጀመሪያ።

የደረሰው በኔ ላይ አይደለም፤ በሁሪያ ላይ ነው። እኔ የባጃጅ ሾፌር ነኝ። ቀብሩ ላይ ግን ቆሜያለሁ። የቀረውን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። ሁሪያ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሴት ናት። "ጻፈው፣ ሰው ይስማው" ብላ ፈቅዳልኛለች።

ማመን ያልፈለገ እዚህ ላይ ይለፈው፤ አልቀየምም።

ሁሪያ ልብስ ሰፊ ናት። ናስር ታናሽ ወንድሟ ነው። እናት አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ የባጃጅ መካኒክ ሆነ። በመርሳ በናስር እጅ ያላለፈች ባጃጅ የለችም፤ የኔዋም ጭምር።

ጦርነቱ ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው የናስር ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ። ሁሪያ አላመነታችም። አዲስ አበባ ይዛው ሄደችና የግራ ኩላሊቷን ሰጠችው።

ናስር ተጫዋች ነበር። "እታለም ኦርጅናል መለዋወጫ ገጠመችልኝ" እያለ ጋራዡን ያስቅ ነበር።

ይሄ መለዋወጫ ግን ክኒን ይፈልጋል። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት።

ሐኪሙ ያስረዳቸው እንዲህ ብሎ ነው። ገላ የራሱ ያልሆነን ነገር ለይቶ ያውቃል፤ "እንግዳ ነው" ብሎ ይገፋዋል፤ ክኒኑ ገላን ዝም የሚያሰኝ ነው። ከተቋረጠ ኩላሊቱ ይሞታል።

"ዕድሜ ልኬን ነው የምውጠው?" አለው ናስር።

"ለጊዜው አዎ። ውጭ አገር የሰጪውን መቅኒ ከኩላሊቱ ጋር ለተቀባዩ እየሰጡ፣ ገላው እንዲለምደው የሚሞክሩ አሉ። ክኒኑን የተዉ ሰዎችም አሉ። እኛ ጋ ገና ነው።"

ያቺ ነገር ናስር ልብ ውስጥ ቀረች።

"እታለም፣ አንድ ቀን ያለ ክኒን እኖራለሁ" ይላታል።

"መቅኒሽንም አምጪ በለኛ! እስከዚያው ዋጥ" ትለዋለች።

የማታው ክኒን የራሱ ሥርዓት ነበረው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሪያ በአረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ሞልታ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከክኒኑ ጣሳ አጠገብ ታስቀምጣለች። ናስር ጣሳውን ይከፍታል፤ እጁን ወደ አፉ ይልካል፤ ውሃውን በሦስት ትንፋሽ ይጠጣል። ከዚያ ኩባያውን ጣሳው ላይ ይደፋዋል። መዋጡን የሚያሳያት እንዲያ አድርጎ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ሐራ ከተማ ባጃጅ ሊሠራ ሄዶ ክኒኑን ሳይዝ ቀረ። ሁለት ቀን ሳይውጥ ከረመ። ሲመለስ ሁሪያ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ጠበቀችው።

"ወላሂ ናስር፣ ከዛሬ ወዲያ አንዲት ክኒን ብታጓድል ኩላሊቴን አፉ አልልህም። የቂያማ ለት ሐቄን እጠይቅሃለሁ።"

ለማያውቅ ልንገር። አንድ ሰው የሌላ ሰው ሐቅ ካለበት፣ ባለሐቁ "አፉ ብዬሃለሁ" ማለት አለበት፤ ይቅር፣ ለቅቄልሃለሁ ማለት ነው። ሳይባል የሞተ ሰው ሐቁን ተሸክሞ ወደ ቂያማ፣ ወደ ፍርዱ ቀን ይሄዳል። የሚቀለድበት ቃል አይደለም።

እሷ ግን ከፍቅር ብዛት ነው ያለችው። እያደር ጨዋታቸው ሆነ።

"አጓደልክ?"

"ኧረ ዋጥኩ እታለም!"

ነሐሴ ላይ ወልድያ ተያዘች። ወዲያው እኛም ተያዝን። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ሕክምና የሚባል ነገር ጠፋ።

ሁሪያ ግን ልቧ አርፎ ነበር። ናስር ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሄዶ የአራት ወር ክኒን ይዞ ተመልሷል። አላህ አስቀድሞ ያወቀ ነው አለች።

በዚያው ሰሞን መቅደላ መጣች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጅ ናት፤ እሷም ኩላሊት የተቀየረላት። የሰጣት ባሏ ዳምጠው ነው። ከናስር ጋር አዲስ አበባ የሐኪም ወረፋ ላይ ተዋውቀው "የክኒን ወንድሜ" ትለዋለች። ዳምጠው ለሥራ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። እሷ ወደ ደሴ ልትሸሽ በእግሯ ወጥታ፣ መርሳ ስትደርስ ጦርነቱ ቀደማት። ከነሁሪያ ጎረቤት፣ ማሚቴ የምትባል ሴት ቤት ተጠጋች።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩ...

መጀመሪያ የጣሳው ድምፅ ተለወጠ። ድሮ ናስር ሲያነሳው ሿ ይል ነበር። አሁን ከበድ ያለ፣ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ሆነ። ሁሪያ ጆሮዬ ነው ብላ ተወችው።

ቀጥሎ የናስር ዓይን ሥር አበጠ።

ከዚያ እግሩ። ጫማው አልገባ አለው።

"ትውጣለህ አይደል?" ትለዋለች።

"እያየሽኝ እታለም።"

እውነትም ታየዋለች። በየማታው። እጁ ወደ አፉ ሲሄድ፣ ውሃው በሦስት ትንፋሽ ሲወርድ፣ ኩባያው ሲደፋ።

ጥቅምት ላይ ሽንቱ አነሰ። ኅዳር ሲገባ ጨርሶ ቆመ። ትንፋሹ አጠረ። ወዴት ይወሰዳል? ሁሪያ ያላንኳኳችው በር፣ ያለመነችው ሰው የለም። ኬላ ላይ የቆሙትን ሳይቀር እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች። የሚሰማት አላገኘችም።

በመጨረሻው ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ናስር ኩባያውን ማንሳት አቃተው። ሁሪያ ጭንቅላቱን ደግፋ ልታጠጣው ጎንበስ ስትል፣ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከ።

"እታለም... አጓድያለሁ።"

"ዝም በል ወንድሜዋ፣ አትድከም። ስትውጥ አይቼሃለሁ።"

"አፉ በይኝ..."

ደነገጠች። አፉ ካለችው መሰናበቷ ነው። አፏ እንቢ አላት።

"ስትድን እልሃለሁ። ነገ።"

ሊነጋጋ ሲል ናስር ሞተ።

ከቀትር በፊት ቀበርነው። ሸህ ጀብሪል ጀናዛው ፊት ቆመው፣ "በዚህ ወንድማችሁ ላይ ሐቅ ያላችሁ፣ አፉ በሉት" አሉ።

"አፉ ብለነዋል!" አልን ወንዶቹ ሁሉ። እኔም ብያለሁ። ምን ሐቅ ኖሮኝ እንደሆነ እንጃ።

ትልቁ ሐቅ ያላት ሰው ግን እዚያ አልነበረችም። በኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣም። ሁሪያ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ማንም ሄዶ አልጠየቃትም... እኛም ትዝ አላለንም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ለቀስተኛው ተበተነ። ሁሪያ ብቻዋን ቀረች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እጇ በልማድ ኩባያውን ሞልቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ያስቀመጠችው ለማን እንደሆነ ሲገባት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ውዱእ ልታደርግ፣ ለሶላት ልትታጠብ ወጣች።

ስትመለስ ኩባያው ጣሳው ላይ ተደፍቷል።

ደፉ ደረቅ ነው። ምንጣፉም ደረቅ ነው። ኩባያው ውስጡ ብቻ እርጥብ ነው።

ማሚቴ ገብታ ይሆናል አለች።

በማግሥቱ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ኩባያውን ሞልታ አስቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታ መስገጃዋን ዘረጋች። ስትዞር... ተደፍቷል።

ሄዳ ኩባያውን አነሳች። ከሥሩ ያለውን ጣሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተችው። የተረፈ ክኒን ካለ ለመቅደላ ልትሰጣት አስባ ነበር።

ጣሳው ውስጥ አንዲት ክኒን የለችም።

በዳዶ ተሞልቷል። የባጃጅ ብሎን የሚጠብቅበት፣ ትንንሽ የብረት ዳዶ።

ታዲያ ያ ሁሉ ጊዜ ናስር ሲውጥ ያየችው ምንድን ነው?

ለሰው አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው አለች። በአምስተኛው ቀን ግን ፊቷን ወደ ኩባያው አድርጋ ተቀመጠች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

ውሃው ጎደለ... ቆመ። ጎደለ... ቆመ። ጎደለ።

ሦስት ትንፋሽ።

ከዚያ ኩባያው ሄዶ ጣሳው ላይ ተደፋ። ከመስኮቱ በኩል፣ ጉሮሮው ያበጠ ሰው ድምፅ መጣ።

"እታለም... አጓድያለሁ።"

ሁሪያ መጮህ ነበረባት። እኔ ብሆን አጥሩን ዘልዬ ወልድያ እገኝ ነበር። እሷ ግን ያ ድምፅ የናስር መሆኑ ሲገባት ፍርሃቷ ጥሏት ጠፋ። የናፍቆት ነገር እንዲህ ነው።

"ወንድሜዋ... መጣህ?"

"አፉ በይኝ። ልረፍ።"

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

ግን አፉ ካለችው ይሄዳል። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማንም አይመጣም።

"ነገ" አለችው። "ነገ ና፤ ነገ እልሃለሁ።"

በማግሥቱ መጣ።

"ነገ" አለችው።

በሦስተኛውም መጣ። ድምፁ ደከም ብሏል። "ደክሞኛል እታለም" አላት።

"አንዲት ቀን ብቻ።"

እኔ አልፈርድባትም። ያሳደገችው ልጅ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

በመሀሉ ሸህ ጀብሪል ዘንድ ሄደች። ነገሩን ሳትነግራቸው ዙሪያ ጥምጥም ጠየቀቻቸው።

"አባባ፣ ሐቅ ተሸክሞ የሞተ ሰው ባለሐቋ አፉ ባትለው ምን ይሆናል?"

"ልጄ፣ ሐቅ መውጫው ሁለት ነው" አሏት። "ወይ አፉ ይባላል፣ ወይ ይመለሳል። ሦስተኛ የለም።"

"የማይመለስ ነገርስ ከሆነ? በሰው ገላ ውስጥ ያለ ነገር?"

ሸህ ጀብሪል አዩዋት። የምትለው ገባቸው።

"አፉ በይው፣ ልጄ። ዛሬውኑ በይው። ሙት አታስጠብቂ።"

የገዛ አባቷ እንኳ ከዚህ የተሻለ አይመክራትም። ምን ዋጋ አለው... ምክሩ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ያን ማታም "ነገ" አለችው።

በዚያው ሰሞን የግራ ጎኗ ይሞቃት ጀመር። ጠባሳው ያለበት። ቀን ስፌት ላይ ስትቀመጥ ይከብዳታል። ሐዘን ነው፣ ብርድ ነው አለች።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ከተማው በደስታ ሲተራመስ፣ ሁሪያ እንደወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኩባያውን ሞልታ ተቀመጠች።

ውሃው በሦስት ትንፋሽ ጎደለ። ኩባያው ተደፋ።

የዚያን ዕለት ግን ድምፁ አልደከመም። ጥርት ያለ፣ ባጃጅ ሥር ተኝቶ የሚያንጎራጉረው የድሮው የናስር ድምፅ ነበር።

"እታለም፣ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።"

"ምነው? ተቀየምከኝ?"

"ኧረ እኔስ። ሐቅሽን ይዤልሽ መጥቻለሁ።"

አልገባትም። "ነገ አፉ እልሃለሁ፣ ወላሂ ነገ" አለችው።



ያን ሌሊት በሕልሟ ይሁን በውኗ አታውቅም፣ አንድ ቀዝቃዛ እጅ ግራ ጎኗ ላይ አረፈ። ናስር ሞተር ሲገጥም እንደሚያደርገው ነው አለችኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ቦታውን እየፈለገ። ሲነጋ የጎኗ ሙቀት ጠፍቷል። ክብደቱ ግን አለ።

በማግሥቱ ጠዋት መቅደላ ልትሰናበታት መጣች። ወደ አዲስ አበባ መሄዷ ነው። ገና በሩን ሳታልፍ እግሯ ላይ ተደፋች።

"እትዬ ሁሪያ፣ ይቅር በይኝ። ገድዬዋለሁ።"

"ማንን?"

"ናስርን። ክኒኑን ሁሉ የሰጠው ለኔ ነው።"

ሁሪያ ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባት። መቅደላ መርሳ ስትደርስ የቀራት የዐሥር ቀን ክኒን ነበር። ናስር ይህን ሲሰማ የራሱን አምጥቶ እቅፏ ላይ ዘረገፈላት።

"እንካፈል አልኩት" አለች መቅደላ። "ብንካፈል ሁለታችንም አናልፍም አለኝ። 'ያንቺ የባልሽ ነው፤ ባዳ ነው፤ ገላሽ ይገፋዋል። የኔ ግን የእታለም ነው። ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣነው፤ በእጇ ነው ያደግሁት። ገላዬ እሷን እንግዳ ነሽ አይላትም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ' ብሎ ሳቀብኝ። ያለ ክኒን መኖር ይቻላል ብሎ ሐኪሙም ነግሮናል አለኝ። ማታ ማታ በባዶ እጁ እየዋጠ እንደሚያታልልሽ የነገረኝ በኋላ ነው። ሲያብጥ ስመለከት የቀረውን ይዤ መጣሁ። 'አንዴ ከሄደ ሄደ፤ አንቺ ኑሪበት፤ ለእታለም ግን እንዳትነግሪ' አለኝ።"

ሁሪያ መቅደላን ከወለሉ አነሳቻት።

"አፉ ብዬሻለሁ" አለቻት። "አንቺ ምን አጠፋሽ።"

ለባዳዋ ልጅ ወዲያው ወጣላት፤ ያ ቃል።

ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። "የኔ ኩላሊት እንግዳ አይደለም ብሎ አምኖኝ..." ትላለች ሁሪያ፣ ደረቷን እየመታች። "አምኖኝ ነው እኮ የሞተው።"

ያን ቀን ፀሐይዋ አልጠልቅ አለቻት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኩባያውን አጥባ ሞላችው። አሥራ ሁለት ሳይሆን ጀመረች።

"አፉ ብዬሃለሁ ናስር። አፉ ብዬሃለሁ ወንድሜዋ። ኩላሊቴንም፣ ያጓደልከውንም፣ ያታለልከኝንም። ሁሉንም ለቅቄልሃለሁ። ሰማህ?"

አሥራ ሁለት ሆነ። አዛን ተባለ።

ውሃው አልጎደለም።

እስኪነጋ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀችው። ኩባያው እንደሞላ አደረ። በማግሥቱም ሞልቶ እንዳለ አደረ። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ሐዘን ነው ብዬ እተወው ነበር...

ሚያዝያ ላይ ሁሪያ አዲስ አበባ ሄደች። ኩላሊት የሰጠ ሰው በየዓመቱ መታየት አለበት። መቅደላ እየጎተተች አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደቻት። ወረፋው ብዙ ነበር፤ ተራዋ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው።

የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ጎኗን ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ታንሸራትት ጀመር። ቀኙን አየች። ወደ ግራ ዞረች።

ቆመች።

ወረቀቱን አነሳች፤ አነበበች፤ እንደገና አየች።

"እናቴ፣ ኩላሊት ሰጥቻለሁ ነው ያሉኝ?"

"አዎ ልጄ። የግራውን።"

"መቼ?"

"ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጠባሳውን አታዪውም?"

ባለሙያዋ ጠባሳውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ የማሽኑን ስክሪን ወደ ሁሪያ አዞረችላት። ግራጫ ነገር ነው። ሁሪያ ምን ታውቃለች።

"ይሄ የቀኝዎ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ይሄኛው ደግሞ... የግራዎ።"

ሁሪያ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ዳሰሰችው።

"አፉ ብዬህ ነበር እኮ" አለች። "አንድ ቀን ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት።"

ባለሙያዋ አልሰማቻትም። የደሙን ዝውውር ልታይ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ የሚዘዋወረውን ደም ድምፅ ማሰማት ጀመረ።

ሹው... ሹው... ሹው።

ከዚያ ዝም።

ሹው... ሹው... ሹው።

ከዚያ ዝም።

"እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም" አለች ባለሙያዋ። "የደም ድምፅ አይመስልም። ሰው ውሃ የሚጠጣ ነው የሚመስለው።"

ሁሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየችው። አሥራ ሁለት ሆኗል።